ኮምፒውተሩ አያጭበረብርህም፤ ሚዛኑ ያጋደለው ወዳንተ ነው

የአንባቢ ጥያቄ፦ «እኔና ሦስት ጓደኞቼ አሰልጣኝ ሆነን ቡድን የምንመራበትን ጌም፣ ፉትቦል ማናጀር 24ን፣ እንጫወታለን። ባለፈው ቅዳሜ ሜዳዬ ላይ ወራጅ ቀጠና ካለ ቡድን ጋር ገጠምኩ። እኔ 27 ሙከራ፣ እነሱ 3። ኳስ ቁጥጥር 68 ከመቶ የኔ። 1 ለ 0 ተሸነፍኩ! ተናድጄ ከጨዋታው በፊት የነበረውን ሴቭ (ጌሙ የተቀመጠበትን ፋይል) መልሼ ከፈትኩና አምስት ጊዜ ደገምኩት። ሦስቴ ተሸነፍኩ፣ አንዴ አቻ፣ አንዴ ብቻ አሸነፍኩ። በመጀመሪያው ሲዝን እንዲህ አልነበረም፤ ሦስተኛ ወጥቼ ነበር። ጓደኛዬ ‹ማሸነፍ ስታበዛ ጌሙ ሆን ብሎ ያከብድብሃል› ይላል። እውነት ነው? ደግሞ ከኛ መሀል ማንችስተር ሲቲን የያዘው ልጅ ሁሌ ዋንጫ የሚወስደው እሱ ነው። ሁላችንም እኩል የምንሆንበት መንገድ አለ ወይ?»

ጓደኛህ ተሳስቷል። ፉትቦል ማናጀር ስታሸንፍ ጠበቅ፣ ስትሸነፍ ላላ አይልም። እንዲያውም እንደሌሎች ጌሞች ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብለህ የምትመርጥበት ቦታ እንኳ የለውም። ክብደቱን የምትመርጠው ቡድን ስትመርጥ ነው። ሠሪው ስፖርትስ ኢንተራክቲቭ፣ ጨዋታውን የሚያሰላው ክፍል የትኛው አሰልጣኝ ሰው፣ የትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ እንደማይለይ ደጋግሞ ተናግሯል። «ሠሪውማ ሌላ ምን ሊል ነው?» ትለኝ ይሆናል። እሺ፣ የሠሪውን ቃል ተወው። ማስረጃው ራስህ የጻፍከው ውስጥ አለ።

አምስት ጊዜ ደገምክ፣ ሦስት ዓይነት ውጤት አየህ። ውጤቱ አስቀድሞ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ አምስቴም ያው 1 ለ 0 ይመጣልህ ነበር። ጨዋታው እያንዳንዱን ቅብብልና ግጥሚያ እያሰላ ነው የሚሄደው፤ ዕጣው በየጊዜው አዲስ ነው። «እሺ፣ ሦስቱ ሽንፈትስ?» ካልክ፣ አምስት ጨዋታ በጣም ትንሽ ነው። ያንን ጨዋታ የማሸነፍ ትክክለኛ ዕድልህ 45 ከመቶ ነው እንበል። ከአምስት ሙከራ አንዴ ብቻ የማሸነፍ ወይም ጭራሽ ያለማሸነፍ ዕድልህ 26 ከመቶ አካባቢ ይሆናል። ከአራት አንዱ ማለት ነው። ልጅ ሆነን ዘውድ ወይስ ጎፈር ስንል አራቴ በተከታታይ ጎፈር ሲወጣ ሳንቲሙን የጠረጠረ ሰው አላስታውስም። ኳስ ሲሆን ግን ሁላችንም ዳኛ መክሰስ ይቀናናል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሴቭ መልሰህ ስትከፍት ዕጣው ይታደሳል እንጂ የቡድንህ ሁኔታ አይታደስም። የደከመው ተከላካይህ እንደደከመ ነው። ሞራሉ የወረደው አጥቂህም እንደወረደ ነው። ተጋጣሚህ ይዞት የመጣው ዕቅድም ያው ነው። ስለዚህ አምስቴ ስትደግም የተጫወትከው አምስት የተለያየ ጨዋታ አይደለም፤ አንዱን መጥፎ ቅዳሜ አምስቴ ነው።

አሁን ወደ 27ቱ ሙከራ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሙከራ ቁጥር ነው፤ ጥራቱን አይነግርህም። ከሳጥን ውጪ፣ ሦስት ተከላካይ ፊት ለፊት ቆሞ የተመታ ኳስ ጎል የመሆን ዕድሉ 4 ከመቶ አካባቢ ቢሆን ነው። ሪጎሬ ደግሞ ከ75 ከመቶ በላይ ነው። ሠንጠረዡ ላይ ግን ሁለቱም «1 ሙከራ» ተብለው ይቆጠራሉ። 27ቱም ሙከራህ እያንዳንዱ 4 ከመቶ ዕድል ያለው ነው እንበል። አንድም ጎል ሳታገባ የምትወጣበት ዕድል ስንት ይመስልሃል? 33 ከመቶ። ከሦስት ጨዋታ አንዱን 27 ጊዜ መተህ ባዶ እጅህን ትወጣለህ ማለት ነው። እያንዳንዱ ሙከራ 10 ከመቶ ዕድል ያለው ቢሆን ግን ባዶ የመውጣት ዕድልህ ወደ 6 ከመቶ ይወርዳል። የሙከራው ብዛት አንድ ነው፣ ጨዋታው ግን ሌላ ነው።

ለዚህ ነው ኤክስጂ የሚባለው ቁጥር የመጣው። የሚጠበቅ ጎል ማለት ነው፤ የእያንዳንዱን ሙከራ ዕድል ደምሮ ይሰጥሃል። ኤፍኤም (ሬዲዮው አይደለም፣ ጌሙ) ከ2021ዱ እትም ጀምሮ ያሳያል። ያንተን ጨዋታ ኤክስጂ አልነገርከኝም። አንተ ወደ 1.1፣ ተጋጣሚህ በሦስት ሙከራ 0.7 አካባቢ አግኝታችሁ ቢሆን አልገረምም። አንዷ ሙከራ በረኛህ ብቻውን ቀርቶ የተመታች ከሆነች ብቻዋን 0.4 ትሞላለች። 1.1 ለ 0.7 ደግሞ ዘረፋ አይባልም፤ ተቀራራቢ ጨዋታ ነው።

የእውነቱም ኳስ ከዚህ አይለይም። የአርሰናል ደጋፊ ከሆንክ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 2017 ኤምሬትስ ላይ ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ። አርሰናል 33 ሙከራ አደረገ፣ የማንችስተር ዩናይትዱ በረኛ ዴ ሂያ 14 ኳስ አዳነ፣ ማንችስተር ዩናይትድ 3 ለ 1 አሸንፎ ሄደ። ያን ቀን ጌም ላይ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ኪቦርድ ይሰብር ነበር! ኳስ ድቡልቡል ናት የምንለው ሜዳ ላይ ለሚሆነው ብቻ ነው እንዴ?

ዕድሉ በደንብ ወዳንተ ሲያጋድል እንኳ ነገሩ ከምታስበው በላይ ያስደነግጣል። አንተ በጨዋታ በአማካይ 2.1 ኤክስጂ ትፈጥራለህ፣ ተጋጣሚዎችህ 0.5 ብቻ እንበል። ይሄ ትልቅ ብልጫ ነው። በተለመደው የጎል ስሌት ስናሰላው ታዲያ 75 ከመቶውን ታሸንፋለህ፣ 17 ወይም 18 ከመቶውን አቻ ትወጣለህ፣ ከ7 እስከ 8 ከመቶውን ትሸነፋለህ። በ38 ጨዋታ ሲመነዘር ሦስት ገደማ ሽንፈት ነው፤ ያውም ሜዳውን ጠቅልለህ ይዘህ። ሦስቱንም ጨዋታ ታስታውሳቸዋለህ፣ 28 ጊዜ ማሸነፍህን ግን አታስታውስም። በዚያ ላይ ደካማ ውጤት ተከታትሎ መምጣት ይወዳል። ከ10 ጨዋታ ስድስቱን የሚያሸንፍ ቡድን ከአራት ሲዝን በሦስቱ ገደማ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሳያሸንፍ ይቀራል። ማንም ሳይነካው።

እኔ ራሴ ይሄን የገባኝ በመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት አነስ ያለች የጨዋታ ማስመሰያ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ሁለት ቡድን፣ ኳስ ንጥቂያ፣ ቅብብል፣ ሙከራ፤ ሌላ ምንም የለውም። አንዱን ቡድን በእያንዳንዱ ንጥቂያ 52 ለ 48 ብቻ እንዲበልጥ አደረግኩት። ኢምንት ነገር ነው ብዬ። አንድ ሌሊት ሙሉ አስኬጄ ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስከፍተው ያ ቡድን ሁሉንም እየደበደበ አድሯል፤ 7 ለ 0፣ 9 ለ 1። ምክንያቱ ቀላል ነው። 52 ለ 48 የሆነ ብልጫ 100 ጊዜ ሲደጋገም አብዛኛውን ንጥቂያ የማሸነፍ ዕድሉ 65 ከመቶ ገደማ ይደርሳል። 1000 ጊዜ ሲደጋገም 90 ከመቶ። አንድ ጨዋታ ውስጥ ደግሞ መዓት ጥቃቅን ንጥቂያ አለ። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ጌም የሚሠራ ሰው ትልቁ ራስ ምታቱ ለደካማው ቡድን ማጭበርበር አይደለም። ትንሿ ብልጫ ተደማምራ ጨዋታውን እንዳታፈነዳው ዕድል የሚባለውን ነገር በልክ መጨመር ነው። ዕድል ካነሰ ሁሌ ሲቲ 6 ለ 0 ያሸንፋል፣ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ጌሙን ትዘጋዋለህ። ከበዛ ደግሞ ታክቲክ ብታወጣ ባታወጣ ለውጥ የለውም። ሚዛን የሚባለው በሁለቱ መሀል ያለች ቀጭን መንገድ ናት። እኔ ሦስት ወር ፈልጌ በደንብ አላገኘኋትም።

ወደ ሁለተኛው ሲዝንህ ልመለስ፤ ያንተ ችግር ያለው እዚያ ነው። ሦስተኛ ወጣህ። ጌሙ ውስጥ የቡድንህ ዝና ከፍ አለ። ኮምፒውተሩ የሚመራቸው አሰልጣኞች ጨዋታ ከመጀመራቸው በፊት «ማነው የሚገጥመን?» ብለው የሚያዩት ይህንኑ ነው። አምና ንቀውህ ወጥተው ያጠቁህ ነበር፤ ከኋላቸው ሰፊ ሜዳ ታገኛለህ፣ ፈጣን አጥቂህን ትለቃለህ፣ ጎል። ዘንድሮ ፈርተውሃል። አሥሩም ሳጥናቸው ላይ ይደረደራሉ። ታክቲክህ ግን የአምናው ነው። ክፍት ሜዳ የለመደ ቡድን ግድግዳ ሲገጥመው ከሩቅ መምታት ይጀምራል፤ 27 ሙከራ የሚመጣው ከዚህ ነው። 68 ከመቶ ኳስ ቁጥጥርም የጥንካሬህ ምልክት አይደለም። ኳሱን ትተውልህ ነው። «ያዘው፣ ምን ታመጣለህ?» እያሉህ ነው። ተከላካዮችህ መሀል ሜዳ ድረስ ወጥተው ሲቆሙ አንዲት ረጅም ኳስ ትበቃቸዋለች።

ጓደኛህ «ጌሙ ያከብድብሃል» ሲል ያየው ነገር እውነት ነው፣ የሰጠው ምክንያት ነው የተሳሳተ። ጨዋታው ከብዷል። ያከበደው ግን የተደበቀ ቁልፍ አይደለም፤ ተጋጣሚዎችህ አንተን በሌላ ዓይን ማየት ስለጀመሩ ነው። ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ሲጫወትም ያው ሕግ ነው የሚሠራው።

ሌላም የማይታይህ ነገር አለ። የምታያቸው የተጫዋች ችሎታዎች ከ1 እስከ 20 ናቸው። ከነሱ ጀርባ ግን የማይታዩ አሉ፤ ወጥነት፣ ትልቅ ጨዋታ ላይ ያለው አቋም፣ ለጉዳት መጋለጥ፣ ጫና መቋቋም። አጨራረሱ 17 የሆነ አጥቂ ወጥነቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ከሳምንታት በአንዱ 17ቱን ይዞት አይመጣም። ይህን ከፊል ከሱ ጋር የሠሩት አሰልጣኞችህና መልማዮችህ በጽሑፍ ይነግሩሃል። «አቋሙ ወጥ አይደለም» የምትለዋን መስመር አንብበህ ታውቃለህ? አብዛኛው ሰው አያነባትም። ደካማ ቡድን ሲመጣ ተጫዋቾች መዘናጋታቸውም ጌሙ ውስጥ አለ። ከጨዋታ በፊት «ዘና በሉ» እያልክ የምትለቃቸው ከሆነ የዘራኸውን እያጨድክ ነው።

የጥርጣሬው ምንጭ ከየት እንደሆነ ግን ይገባኛል፤ ከባዶ የመጣ አይደለም። የሚያጭበረብሩ ጌሞች አሉ፤ ያውም በግልጽ። ማሪዮ ካርት ላይ ከኋላ የቀረው ሾፌር የተሻለ መሣሪያ ያገኛል፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ጌሙ የተሠራውም እንዲያ ነው። ፊፋ በተባለው የኳስ ጌም ላይ ደግሞ ለዓመታት ጭቅጭቅ ነበር። ኢኤ የተባለው ሠሪ የጌምን ክብደት እንደ ተጫዋቹ ሁኔታ የሚለዋውጥ ዘዴ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ስለነበር፣ በ2020 መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ ተመሠረተበት። ኩባንያው ዘዴውን አልቲሜት ቲም በተባለው የጌሙ ክፍል ውስጥ አልተጠቀምኩበትም አለ። ከሳሾቹም መረጃና ከመሐንዲሶቹ ጋር የመነጋገር ዕድል ተሰጥቷቸው በ2021 ክሱን አነሱ። የፈጠራ መብት መያዝና መጠቀም ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ሰው ግን «አየህ፣ ዘዴው አለ!» የምትለዋን ይዞ ቀረ፤ አንድ ጌም ላይ የሰማውን ሌላው ላይ ይለጥፈዋል።

እንግዲህ ሚዛኑ ፍጹም ነው እያልኩህ ነው? አይደለም። ሚዛኑ ያጋደለ ነው፤ ግን ወዳንተ። ኮምፒውተሩ የሚመራቸው አሰልጣኞች ጨዋታ ላይ ደህና ናቸው፣ ቡድን መገንባት ላይ ግን ደካሞች ናቸው። አንድ ቦታ ላይ አራት ተጫዋች ይሰበስባሉ፣ ሌላው ቦታ ባዶ ይቀራል። አንተ የ17 ዓመት ልጅ ከደቡብ አሜሪካ በርካሽ አምጥተህ ከአራት ዓመት በኋላ በአሥር እጥፍ ትሸጣለህ፤ እነሱ አንተ ባየኸው መንገድ አያዩትም። ጌሙን የሚጫወቱ ሰዎች ደጋግመው ባደረጉት ፍተሻ ደግሞ ፍጥነት ከሌሎች ችሎታዎች ሁሉ በላይ ውጤት እንደሚቀይር ታይቷል። ይህን ያወቀ ሰው ፈጣን ፈጣኑን እየለቀመ ሊጉን ይቀልድበታል፤ ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም። ኮርና ላይ በየእትሙ አንድ የምትሠራ ቀዳዳ ትገኛለች፤ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ያገኛታል። ሴቭ መልሶ መክፈት አለልህ። ኮምፒውተሩ ሲሸነፍ መልሶ የሚከፍተው ነገር የለውም። እስቲ ንገረኝ፣ ማነው የሚያጭበረብረው?

ከዩቲዩብ ታክቲክ ለሚያወርዱም አንድ ማሳሰቢያ። ስሌቱ በየእትሙ ይቀየራል። የ2025ቱ እትም ተሰርዞ በኖቬምበር 2025 የወጣው ኤፍኤም 26 ኳስ ስትይዝና ስታጣ ሁለት የተለያየ አሰላለፍ እንድታወጣ ያደርጋል፤ ለ24 የተሠራ ታክቲክ እዚያ እንደነበረው አይሠራም። «የማይሸነፍ ታክቲክ» የሚል ርዕስ ካየህ ቀኑንና እትሙን ተመልከት።

አሁን ወደ አራታችሁ ጉዳይ። እዚህ ላይ ቅሬታህ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ይሄኛው ፍትሐዊ አይደለም። አንዱ ሲቲን ይዞ ሌላው መካከለኛ ቡድን ይዞ «ችሎታ እንለካ» ማለት አንዱ ጫማ አድርጎ ሌላው በባዶ እግሩ እንደሚሮጥበት ውድድር ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ጌሙ ውስጥ ያለው የተጫዋች ድራፍት ነው፤ እኩል በጀት ይዛችሁ ተጫዋች በተራ ትመርጣላችሁ። አጭር ነው፣ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያልቃል፤ ማን ይበልጣል ለሚለው ጭቅጭቅ የተሻለ ፈራጅ የለም። ሁለተኛው ረጅሙ ነው። አራታችሁም ከአንድ ሊግ፣ በተመሳሳይ ደረጃ ላይ ያሉ ቡድኖች ትወስዳላችሁ። እኔ የእንግሊዝን ሁለተኛ ዲቪዚዮን እመክራለሁ። 24 ቡድን አለ፣ ብዙዎቹ ይቀራረባሉ። አራት ቡድን ምረጡ፣ ስማቸውን በወረቀት ጽፋችሁ ኮፍያ ውስጥ ክተቱ፣ ዕጣ አውጡ። የደረሰህን ይዘህ ትሄዳለህ።

ጥንቃቄዎችም አሉ። ጌሙ ውስጥ ተጫዋች የሚያስተካክለው ኤዲተር እንዳይሠራ ሲዝኑ ሲፈጠር መዘጋት አለበት፤ በኋላ «እኔ አልነካሁም» የሚል ክርክር አያልቅም። የአንድ ጓደኛ ቡድን ለሌላው ጓደኛ ተጫዋች በቅናሽ እንዳይሸጥ ተስማሙ፤ ካልሆነ ሁለቱ ተመካክረው ሌሎቹን ይበሏቸዋል፣ ሲሆን አይቻለሁ። ዋናው ግን ሴቩ የሚቀመጠው በአንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ መሆኑ ነው። እሱ ሰው ሌሊት ብቻውን ከፍቶ መመልከት ይችላል፤ ቀጣዩን ጨዋታ ሞክሮ መመለስም ይችላል። ይህን የሚከለክል ቁልፍ የለም። ከአራታችሁ በጣም የምታምኑት ሰው ይያዘው፤ ዋንጫ የሚወስደው ልጅ ባይሆን ይመረጣል።

ስልክ ላይ ወደሚሠሩት የማናጀር ጌሞች ብትሄዱስ? እዚያ የሚዛን ጥያቄ ሌላ መልክ አለው፤ ገንዘብ ይገባበታል። ከ2010 ጀምሮ ያለው ቶፕ ኢለቨን በነጻ ትጀምረዋለህ። ጥሩ ተጫዋች በጨረታ ለማንሳት ግን ቶክን (የጌሙ ገንዘብ) ያስፈልጋል፣ የደከመ ተጫዋች ቶሎ የሚያገግምበት እሽግም አለ፤ ሁለቱም በብር ይገዛሉ። ትዕግሥተኛ ሰው ሳይከፍል ሩቅ ይሄዳል። ከሚከፍል ሰው ጋር አንድ ሊግ ውስጥ ከገባ ግን እኩል አይደለም፤ ይሄ ምሥጢርም አይደለም፣ ጌሙ የሚኖረው በዚያ ነው። በሌላው ጫፍ ያለው የስዊድኑ ሃትሪክ ነው፤ ከ1997 ጀምሮ አለ። የሚከፍል ሰው ተጨማሪ ማስዋቢያና መረጃ ያገኛል እንጂ ቡድኑ አይጠነክርም። ግን ቀርፋፋ ነው፤ የሊግ ጨዋታ በሳምንት አንድ፣ ሲዝኑ 16 ሳምንት። የኛ ሰው ትዕግሥት ይበቃዋል ወይ የሚለውን ለራስህ እተዋለሁ።

ኮምፒውተሩን ከመክሰስ ይልቅ ፍትሕ የጎደለበትን ቦታ ከፈለግክ ግን አንድ ላሳይህ። ለዓመታት ከኤፍኤም ጋር አብሮ የሚመጣው ብቸኛው የአፍሪካ ሊግ የደቡብ አፍሪካ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስን ወይም ኢትዮጵያ ቡናን ይዘህ ሊጉን ልጀምር ብትል ሰዎች ራሳቸው የሠሩትን ፋይል ማስገባት ይኖርብሃል። እዚያ ፋይል ውስጥ ያለው ቁጥር አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሞላው ነው። የሚወደውን ቡድን በረኛ 16 ቢሰጠው ማን ይጠይቀዋል? ለመዝናናት ጥሩ ነው፣ እኔም ሞክሬዋለሁ። አራት ሰው የሚፎካከርበት ውድድር ግን እንዲህ ባለ ፋይል ላይ አታቋቁሙ።

እንግዲህ ከነገ ጀምሮ እንዲህ አድርግ። ሴቭ መልሶ መክፈት አቁም፤ ጨርሶ። መልሰህ እስከከፈትክ ድረስ ታክቲክህ ይሥራ አይሥራ ልታውቅ አትችልም፣ ጥሩውን ዕጣ ብቻ እየለቀምክ ነው። ከዚያ ቀጣዮቹን 10 ጨዋታዎች ወረቀት ላይ መዝግብ፤ ያንተ ኤክስጂ፣ የተጋጣሚህ ኤክስጂ፣ በቃ። ከ10ሩ በኋላ ድምርህ 17፣ የነሱ 9 ሆኖ ነጥብ ግን ካልመጣ ታክቲክህን አትንካ፤ ይመጣል። 12 ለ 11 ከሆነ ችግሩ ያንተ ነው። እንዲያ ከሆነ ከሩቅ መምታትን ቀንስ፣ ኳሱን እስከ ሳጥን ይዞ መግባት የሚለውን ትዕዛዝ አብራ፣ መስመር ላይ ስፋት ስጥ፣ የተከላካይ መስመርህን ትንሽ ወደኋላ መልስ፣ ከፊታቸው ደግሞ የማይወጣ አንድ አማካይ ትከል። አንዱን ቀይረህ ሦስት አራት ጨዋታ ጠብቅ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

የጓደኞችህን ደግሞ ይሄን ሲዝን ጨርሳችሁ ሲያበቃ በኮፍያው ጀምሩ። ሲቲን የያዘው ልጅ «ለምን? እኔ እኮ ስለምችል ነው የማሸንፈው» ካለ፣ ጥሩ፣ ኮፍያውን መጀመሪያ ለሱ ስጡት።